«እንደምንም»ን ለማንሳፈፍ የተደረገ ጉዞ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ዋይት ሐውስን አየኸው?» ይለኛል። አላየሁትም። ከዋሽንግተን አፍንጫ ሥር አንድ ሳምንት ከርሜ ጠግቤ ያየሁት ነገር ቢኖር የአንዲት አሮጌ ጀልባ ሆድ ነው፤ ያውም በጀርባዬ ተኝቼ፣ አቧራው አፌ ውስጥ እየገባ። እሱን ከፈለጋችሁ ልንገራችሁ። ሐውልትና ሙዚየም የምትፈልጉ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ቅዳሜ

ቄራ አካባቢ ፋይበር ሠራተኛ ነኝ። የሚኒባስ ባምፐር ሲሰበር፣ የውሃ ታንከር ሲሰነጠቅ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ሸርተቴ ሲቀደድ ወደ እኔ ይመጣል። ታላቅ ወንድሜ እሸቱ፣ እኔ ጋሼ ነው የምለው፣ አሜሪካ ከገባ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሲደውል ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ብቻ ነው። «አለህ?» «አለሁ።» «ሰላም ነው?» «ሰላም ነው።» አለቀ። በአባታችን ወጥተን ነው፤ አባታችን ጠዋት የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ማታ የሚጨርስ ሰው ነበር።

ግንቦት ላይ ግን በዓልም ሳይኖር ደወለ። ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ሐምሌ ላይ ና፤ ቲኬቱን እኔ እልካለሁ። ያቺን ሮለርህን ያዝ» አለኝ። ሮለር ማለት ፋይበሩ ላይ ሬዚን የሚባለውን ሙጫ ከቀባን በኋላ ውስጡ የቀረውን አየር የምንጨፈልቅበት ጥርሳም ብረት ነው። ድሮ አብረን ስንሠራ መጀመሪያ ያስያዘኝ እሱ ነው፤ ራሱ ግን በዓመቱ «ሽታው ራሴን አመመኝ» ብሎ ሙያውን ለእኔ ጥሎ ሄደ። ትዝታ ሆኖበት ነው ብዬ ሆዴ ባባ። እኔ ሞኙ!

የቪዛውን ነገር ተዉት፤ ከጀመርኩት አሜሪካ ሳንደርስ ይመሻል። ብቻ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በሚወርድበት ቀን፣ ሹራብ ላይ ጃኬት ደርቤ ቦሌ ደረስኩ። ሻንጣዬን ሲፈትሹ በርበሬውን፣ ሽሮውንና ቆሎውን አልፈው ሮለሩ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ ፈታሿ።

«ለጀርባ ማሻሻ ነው» አልኳት።

ትከሻዋ ላይ አንድ ሁለቴ አንከባለለችና «ጥሩ ነው» ብላ መለሰችልኝ።

እሁድ

ከአየር ማረፊያው በር ስወጣ ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ አለኝ። አዋሽን ታውቃላችሁ? አዋሽ ላይ እንፋሎት ጨምሩበት። ጋሼ ሸብቷል፣ ሆድ አውጥቷል። ጉንጬን ስሞ፣ ስሞ፣ ስሞ ሲያበቃ «ሮለሩን ይዘሃል?» አለኝ። ከጤናዬ በፊት! ይዣለሁ አልኩት። ፊቱ በራ።

ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ምን ሆኖ ነው ያሰኛል። የኛ ሰፈር በእሁድ ከሰዓት ቢያንስ ሦስት ሞንታርቦ ይኖረዋል። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። የወንድሜ ሚስት ፀዳለ የጸሎት ቤቷን ሰዎች ጠርታ ሳሎኑ ሞልቷል። ፀዳለ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ምላሷ የማይያዝ። ገና ጃኬቴን ሳላወልቅ ሳህን አስያዘችኝ።

ከእንግዶቹ መካከል በርክ ከሚባል ሰፈር ድረስ የመጡ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ሰማንያን የዘለሉ፣ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ። መረቁኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የመጣኸው ለጀልባዋ ነው አይደል?» አሉኝ።

«የምን ጀልባ?»

«ኧረ ጌታ ሆይ! አልነገረህም እንዴ? በዚች ጀልባ ምክንያት ብቻ እነዚህን ባልና ሚስት ሁለት ጊዜ አስታርቄያለሁ።»

ዞር ብዬ ጋሼን ፈለግኩት። ኩሽና ገብቶ በቁሙ ሽንኩርት የሚልጥ መስሏል። በሕይወቱ ሽንኩርት ልጦ አያውቅም።

ሰኞ

ጀልባዋ ያለችበት አሌክሳንድሪያ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤልትዌይ በሚሉት ክብ መንገድ አርባ ደቂቃ ያህል ነው፤ ትራፊክ ካለ ግን ዕድሜ ነው። ፀዳለ ምሳ ቋጥራልን «ለጀልባዋ አይደለም፤ ለአንተ ነው» ብላኛለች። ጋሼ የሚሠራበት የመኪና ማቆሚያም የማታ ሥራውም አንድ ሳምንት ፈቃድ ሰጥተውታል። መንገድ ላይ እየተንተባተበ ነገረኝ። ጀልባዋን የገዛው አቅም ካነሰው አንድ አዛውንት ነው። ያርዱ፣ ማለትም ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ግቢ፣ ቦታ ሊያጸዳ ፈልጎ ማስታወቂያ አውጥቷል፤ እስከ ዓርብ ጠዋት ውሃ ላይ ያልወረደ ጀልባ በማሽን ይቆራረጣል።

«የያርዱ ማናጀር ኮል አድርጋኝ ላስት ዋርኒንግ ነው ብላኛለች» አለ።

«አማርኛ ተናገር ጋሼ።»

«አለቀልኝ ነው የምልህ።»

አየኋት። ሰባት ሜትር ብትሆን ነው። በብረት ድጋፎች ላይ ተቀምጣለች፤ ከሆዷ ሥር ሚዛን የሚጠብቅ ከባድ የእርሳስ ክንፍ ወርዷል፤ ምሰሶዋ ጎኗ ተጋድሟል። የሠራት ፋብሪካ ድሮ ተዘግቶ ስሙን የሚያውቅ የለም። ጋሼ ኢንተርኔት ላይ ስለሷ ዓይነት ጀልባ ያገኘው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ እየሰመጠች ነው። ክንፉ ከሆዷ በሚገናኝበት በኩል ክንድ የሚያህል ስንጥቅ አለ። ወለሏን ስረግጠው እጥፍ አለ።

አገር ምድሩ የባሕር በር ይኑረን አይኑረን እያለ ይከራከራል፤ የኔ ወንድም ለብቻው አግኝቶ በቀዳዳ ጀልባ ሊወጣ! ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቴ መጣ።

«እውነቱን ንገረኝ ጋሼ። የጠራኸኝ ወንድምህ ስለሆንኩ ነው ወይስ ፋይበር ስለምሠራ?»

«ሁለቱም» አለ።

ሁለቱም! ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ! ሁለት ሰዓት ሙሉ አኮረፍኩት። ከዚያ ስንጥቁን በጣቴ ስነካው እጄን አላስችል አለው። ባለሙያ መሆን እርግማን ነው፤ ተጣልተህም ሥራው ይጠራሃል።

ማክሰኞ

ሙሉ ቀን ፍሌክስ በምንለው መቁረጫ ስቆርጥና ስፍቅ ዋልኩ። ወለሏ ሁለት ፋይበር ሆኖ መሃሉ እንጨት ነው፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ በማንኪያ ይዛቃል። ጋሼ በባልዲ ሲያወጣው «ይሄ ሁሉ ውስጧ ነበር?» እያለ ይገረማል። ሲገዛ ያየው ቀለሟን ብቻ ነው።

አጠገባችን የራሱን ጀልባ የሚያድስ ጡረተኛ ፈረንጅ አለ። ስሙን ሦስት ጊዜ ነግሮኝ ሦስቴም ጠፋኝ፤ ጎረቤት እያልኩ ልቀጥል። ሳንጠይቀው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሰጠን፣ የኤሌክትሪክ ማራገቢያውን ወደኛ አዞረልን፣ በረዶ የሞላ ውሃ አመጣልን። ከፀዳለ ምሳ ስናካፍለው ቃሪያውን በአንድ ጊዜ ጎረሰውና ዓይኑ እንባ ሞላ። «ጉድ! ጉድ!» ይላል። ለካስ በእንግሊዝኛ ጥሩ ነው ማለቱ ነው፤ እኔ ግን በአማርኛው ነው የተረዳሁት፤ በአማርኛውም ልክ ነበር።

ረቡዕ

ይሄን ቀን ባልተርከው ደስ ባለኝ።

ሬዚን ብቻውን አይደርቅም፤ ማድረቂያ ይጨመርበታል። ስንት? እኔን ከጠየቃችሁ በዓይን ነው። በሐምሌ ብርድ እኛ ጋ ፈሰስ ካላደረግክለት ሲለግም ይውላል። እጄ የለመደው ያንን ነው። ጋሼ «መለኪያ ኩባያ አለ» ሲለኝ «አንተ ገና አገር ቤት እያለህ አይደል እንዴ ሙያውን የተውከው? ዝም በል» አልኩት። ግማሽ ባልዲ ሬዚን ላይ የአዲስ አበባን ክረምት መጠን ጨመርኩበት።

አሌክሳንድሪያ ግን ክረምት አልነበረም። ገና ብሩሽ ሳልነክር ባልዲው በእጄ ላይ ጋለ። ከዚያ ጨሰ። ከዚያ ላስቲኩ ሟሟ፤ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። ከየጀልባው ሥር ሰው ብቅ ብቅ አለ። ጎረቤት የእሳት ማጥፊያ ይዞ ሲሮጥ ዕድሜውን ረሳ። እኔ «ውሃ! ውሃ!» እላለሁ፣ ጋሼ «ኖ ውሃ! ኖ ውሃ!» ይላል፤ በጭንቅ ሰዓት እንኳን ቋንቋው ድብልቅ ነው።

እሳት አልተነሣም፤ ግን የያርዱ ኃላፊ መጣች። ዴቢ ትባላለች፤ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ቁምጣ የለበሰች፣ ዓይኗ የማይስቅ። ያለችውን ጋሼ አልተረጎመልኝም፤ ፊቱ ላይ አነበብኩት። ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ሬዚን አትነኩም፣ ዕቃችሁን ሰብስቡ፣ ዓርብ ጠዋት ትቆረጣለች።

በመኪና ስንመለስ ጋሼ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። ቢሰድበኝ በወደድኩ። በሕይወቱ አንድ ነገር ተመኘ፤ እሱንም ወንድሙ ከአገር ቤት ድረስ መጥቶ አጨሰበት። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ቤት ስንደርስ ፀዳለ አንዴ አየችንና «ምን ሆናችሁ?» አለች። ጋሼ ወደ መኝታ ቤት ገባ። እኔ ነገርኳት። «ተገላገልን» ትላለች ብዬ ስጠብቅ ቁጭ አለች፤ «ውይ እሼዬ» ብቻ አለች። ያኔ ነው ጋሽ ተሰማ ትዝ ያሉኝ። «ሽማግሌ ብንልክስ?» አልኳት።

«ወደ ማን?»

«ወደ ሴትዮዋ።»

ሳቋን ለቀቀችው፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ስልኳን አነሣች።

ሐሙስ

ሦስት ሽማግሌ፣ ሦስት ሙሉ ልብስ፣ ሦስት ክራባት። ጋሽ ተሰማ፣ ከፔትዎርዝ የመጡ የድሮ አስተማሪ ጓደኛቸውና አንድ ምንም የማይናገሩ ግን ራሳቸውን አጥብቀው የሚነቀንቁ አባት። ጋሼ በደለኛ ስለሆነ እንደ ደንቡ ውጭ ቀረ። እኔም በደለኛ ነበርኩ፤ ግን የመጣውን በዓይኔ ካላየሁ ብዬ ከኋላ ተከትዬ የዴቢ ቢሮ ገባሁ። አስተርጓሚዋ ፀዳለ ናት፤ የጀልባዋ ዋና ጠላት።

ዴቢ ስታየን ከወንበሯ ተነሣች። በኋላ ለጎረቤት እንደነገረችው ሰው የሞተ መስሏት ነበር። «እባካችሁ ተቀመጡ» አለች።

ጋሽ ተሰማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ ሳትይን አንቀመጥም፣ ልጄ።»

ፀዳለ ተረጎመች። ዴቢ ሦስቱን አየች፣ ወንበሮቹን አየች። «ወንበሮቹ ችግር አለባቸው እንዴ?» አለች።

«ወንበሩ ደኅና ነው» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ችግር ያለብን እኛ ነን። ልክ ናቸው ልንልሽ አልመጣንም። ይህ ልጅ ጥፋተኛ ነው» ብለው በከዘራቸው ወደኔ ጠቆሙ። «ውጭ ያለው ወንድሙም ጥፋተኛ ነው። ጀልባዋም ብትሆን ያው እንደምታያት ናት። አንቺ ልክ ነሽ። ልክ በመሆንሽ ነው የምንለምንሽ፤ ልክ ያልሆነ ሰው ምን ተብሎ ይለመናል?»

ፀዳለ ይሄን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ዴቢ እጇን አጣምራ ደንብ ደንብ ነው አለች። ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና ዝም አሉ። አስተማሪውም ዝም። ሦስተኛው አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። የቢሮው ሰዓት ይሰማል። በኛ አገር ይህ ዝምታ የሥራው ዋና ክፍል ነው፤ ፈረንጅ ግን ዝምታ አይችልም፤ ዴቢ አንገቷ ቀላ።

የጋሽ ተሰማ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያኔ ነው። ፀዳለም አየችው። ማንም ሳይናገር በራሷ መተርጎም ጀመረች። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ከዚህ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ከተጋባን አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው» አለች። «ባሌ አሥራ ሁለቱንም ዓመት ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ይተኛል፣ ይነሣል፣ ይሄዳል። ጀልባዋን እጠላታለሁ። ግን ምንም የማይጠቅም ነገር ሲሠራ ያየሁት በሕይወቴ አሁን ገና ነው፤ እየሠራ ሲያፏጭ ሰማሁት። እባክሽ አትቁረጫት።»

ዴቢ መስኮቱን አየች። ውጭ ጋሼ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

«እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን» አለች። «ጭስ ካየሁ ግን በራሴ እጅ ነው የምቆርጣት። አሁን እባካችሁ ትቀመጡልኛላችሁ?»

ተቀመጡ። ውሃ አቀረበችላቸው፤ ሦስት ጊዜ እንቢ ብለው በአራተኛው ጠጡ። ከዚያ ጋሽ ተሰማ ተነሥተው መረቋት፤ ልጅሽ ይባረክ፣ እጅሽ አይንጠፍ፣ ግቢሽ ይሙላ። ግቢው ሞልቶባት እኮ ነው ጀልባ የምታስቆርጠው! እሷ ግን ሳይነገራት «አሜን» አለች።

ዓርብ

ወፍ ሳይንጫጫ ደረስን፤ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል። መለኪያ ኩባያውን ጋሼ ነው የያዘው። በትንሽ በትንሹ በጠበጥን፣ እኔ ቀባሁ፣ እሱ ሮለሩን ያዘ። ከዓመታት በኋላ እጁ አልረሳም፤ አየሩን ከመሃል ወደ ዳር እየጨፈለቀ ያወጣዋል። ራሱን ያመመው እንደሆነ ጠየቅኩት። «በጣም» አለኝ፤ እያፏጨ።

ከሰዓት ደረቀ። ጥፍሬን ሰካሁበት፤ ድንጋይ። አዲሱን ወለል አልብሰን ቀለም ቀባንና ስም ቀረ። ጋሼ ከፀደይ ጀምሮ ፀዳለ «ይሄ ነገር ይንሳፈፍ ይሆን?» ባለችው ቁጥር «እንደምንም» እያለ ነው የመለሰላት። በተረፈው ቀለም ከኋላዋ «እንደምንም» ብዬ በትልቁ ጻፍኩባት። ጎረቤት መጥቶ ትርጉሙን ጠየቀ። ጋሼ ብዙ አስቦ «በእንግሊዝኛ የለም» አለው።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ ከነክራባታቸው መጡ፤ የለመኑበትን ነገር መጨረሻ ሳያዩ አይቀሩማ። ክሬኑ በሁለት ሰፊ ቀበቶ አዝሎ ወደ ፖቶማክ ወንዝ አወረዳት። ቀበቶው ሳይፈታ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ውሃ መግባት አለመግባቱን ማየት አለበት። ካስገባች እዚያው ተመልሳ ትወጣለች፤ ዴቢም ሰዓቷን እያየች ናት።

ገባሁ። በሆዴ ተኝቼ የጠገንኩትን በባትሪ አየሁ። እርጥብ ነው። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከላይ ጋሼ «እህሳ? እህሳ?» ይላል፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው ጨው ይላል። ይሄ ወንዝ ደግሞ ጨው የለውም። ለካስ ከግንባሬ የሚንጠባጠበው የራሴ ላብ ነው!

በሸሚዜ ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ጠበቅኩ። ምንም።

«ደረቅ ነው!» አልኩ ጮኼ።

ፀዳለ እልልታዋን ለቀቀችው። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዘወር አለ። ጋሽ ተሰማ «ሃሌ ሉያ!» አሉ፤ ሦስተኛው አባትም በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው «እንደምንም!» አሉ። ዴቢ ፊቷን ወደ ክሬኑ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር።

መርከበኝነታችንን አትጠይቁኝ። መሪ የያዘው ጎረቤት ነው፤ ጋሼ ሸራ ሲሰቀል እንኳን አይቶ አያውቅም። ነፋስ የሚባል አልነበረም። ሸራው የተሰጣ ልብስ መስሎ ተንጠለጠለ፤ ከወንዙ ዳር መረማመጃ ሃምሳ ሜትር ብንርቅ ነው። እዚያ ቆምን። ጋሼ ከጎኔ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀና እግሩን ውሃ ውስጥ ነከረ። እኔም ነከርኩ። የሰኞውን ጥያቄዬን ልደግምለት አስቤ ነበር። አልደገምኩም።

እሁድ

ፀዳለ ሻንጣዬን አጭቃ አጭቃ፣ አልዘጋ ሲላት ጉልበቷን አሳርፋ ዘጋችው። አየር ማረፊያ ስንደርስ ሮለሩን ለጋሼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና ኪሱ ለመክተት ሞከረ፤ አልገባም። ስሞኝ፣ ስሞኝ፣ ስሞኝ «በል ግባ፣ ይዘጉብሃል» አለኝ። ሦስት ሰዓት ቀርቶት ነበር በረራው።

አሁን በየቅዳሜው ይደውላል። እዚያ ጠዋት፣ እዚህ አመሻሽ ላይ። «አለህ?» ቀርቷል። ስልኩን ሳነሣ መጀመሪያ የሚለኝ «ደረቅ ነው» ነው። እኔ «ተመስገን» እላለሁ። ከዚያ ስለ ሸራው፣ ስለ ጎረቤት፣ ፀዳለ በመጨረሻ ተሳፍራ እንዳስመለሳት፣ ሌላም ሌላም። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት እናወራለን፤ አባታችን ቢሰማን አሞናል ይል ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ስልኩን ሳነሣ «ደረቅ ነው» አላለኝም።

«ውሃ ማስገባት ሳትጀምር አልቀረችም» አለኝ።

«በየት በኩል?»

«እ... በታች በኩል።»

«በታች የት ጋ? የጠገንነው ላይ?»

«እንጃ... ባለሙያ ካላየው አይታወቅም።»

ከኋላው ፀዳለ ስትስቅ ይሰማኛል። የእጄን ሥራ አውቀዋለሁ፤ በእኔ በኩል ለአሥር ዓመት ጠብታ አይገባም።

«ስንት ውሃ ገባ ጋሼ?» አልኩት።

«ብዙ» አለኝ፤ ድምፁ ተሰብሮ።

«እሺ» አልኩት። «መጣሁ። አንተ ሮለሩን እጠበው።»